መግዛት፣ መዋስ፣ ማሳደግ ወይስ ማሸጋሸግ? የቡድን ስብስብ ጥልቀት እንዴት ይመዘናል

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ደጋፊው ሁሉ የሚጠይቀው «ማንን እንግዛ?» ነው። ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ቋሚ ተሰላፊ ነገ ቢጎዳ ስንት ሰው ከቦታው ይነሳል? ተጠባባቂው ገብቶ ቦታውን ከሞላና ሌሎቹ አሥሩ በነበሩበት ከቀጠሉ፣ ስብስቡ በዚያ ቦታ ላይ ጥልቀት አለው። አማካዩ ወደ ተከላካይ መስመር ከተሳበ፣ ሌላው አማካይ የእሱን ሥራ ደርቦ ከያዘ፣ የክንፍ ተጫዋቹም መሀሉን ለመሙላት ከገባ ግን አንድ ጉዳት ሦስት ቦታ አበላሸ ማለት ነው።

የጎደለውን ለመሙላት አንድ ክለብ በእጁ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ ያለውን ተጫዋች ማሸጋሸግ፣ ከአካዳሚ ማሳደግ፣ በውሰት ማምጣትና መግዛት። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ከላይ ባነሳሁት ጥያቄ እየመዘንኩ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከሊቨርፑል ናቸው፤ ክለቡ በአምስት ዓመት ውስጥ አራቱንም ሞክሮ፣ በአንዱ ተሳክቶለት በሌላው ተቃጥሎ አሳይቶናልና። ዓመታቱና ቀኖቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዛት ሲያታልል

ቼልሲ በ2022/23 በሁለቱም የዝውውር መስኮቶች ገንዘቡን እንደ ጉድ አፈሰሰ። ለኤንዞ ፈርናንዴዝ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ። የውድድር ዘመኑን የጨረሰው ግን በ44 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ሲሆን፣ በ38 የሊግ ጨዋታዎች ያስቆጠረው 38 ግብ ብቻ ነው። ከአጥቂው ጀርባና በክንፍ የሚጫወት ሞልቶ ተርፎት ሳለ፣ መሀል ላይ ቆሞ ግብ የሚያስቆጥር ሰው አልነበረውም። የሻምፒዮንስ ሊግ ደንብ ለጥሎ ማለፉ ሦስት አዳዲስ ተጫዋቾችን ብቻ ማስመዝገብ ስለሚፈቅድ፣ ኤንዞን፣ ሙድሪክንና ጆአዎ ፌሊክስን ለማስገባት የወጣው ደግሞ ከጥቂቶቹ የመሀል አጥቂዎች አንዱ የነበረው ኦባሚያንግ ነው።

የምዝገባ ደንብ እንዲህ ያለውን ስህተት ያባብሰዋል። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አንድ ክለብ የሚያስመዘግበው እስከ 25 ተጫዋች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ በእንግሊዝና በዌልስ ክለቦች ሥር ያላደጉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። ከ21 ዓመት በታች ያሉት ከዝርዝሩ ውጪ ይሰለፋሉ። ስለዚህ ሃያ ስድስተኛው ጎልማሳ ተጫዋች ምንም ጥሩ ቢሆን ደመወዝ የሚበላ ተመልካች ነው። ወጣቱ ግን ቦታ ሳይወስድ ይሰለፋል፤ አካዳሚን ስናነሳ ወደዚህ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ከመግዛት በፊት አሰላለፉን በወረቀት ላይ አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ረድፍ ሥሩ። የመጀመሪያው ረድፍ ለቋሚው ነው። በሁለተኛው የሚጻፈው፣ አንድ ወር ሙሉ ቢሰለፍ የቡድኑ አጨዋወት የማይለወጥ ሰው ነው። ሦስተኛው ረድፍ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ጭንቅ የሚያወጣውን ይይዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ አንድ ስም ሁለት ቦታ ላይ ከተጻፈ ይሰመርበት፤ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ሳምንት ቢጎድሉ ያ ሰው መሙላት የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ሰው በእርግጥ ይጫወታል ወይ? ከ2022/23 ጀምሮ በፕሪምየር ሊጉ አምስት ተጫዋች መቀየር ስለተፈቀደ፣ ማንም ሳይጎዳ ለተጠባባቂ ደቂቃ መስጠት ቀላል ሆኗል። አሰልጣኙ 3 ለ 0 እየመራ እንኳ የማያስገባው ተጫዋች ሁለተኛው ረድፍ ላይ አይደለም፤ ስሙ እዚያ የተጻፈው ለይምሰል ነው።

ማንቸስተር ሲቲ የተከላካይ አማካዩን የሮድሪን ቦታ በወረቀት ላይ የሞላው በካልቪን ፊሊፕስ ነበር። በ2022 ከሊድስ ሲያመጣው ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፍሏል። በ2023/24 ሲቲ ዋንጫውን በ91 ነጥብ ሲያነሳ በሊጉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ በዎልቭስ፣ በአርሰናልና በአስቶን ቪላ። በሦስቱም ሮድሪ በቅጣት ምክንያት አልተሰለፈም፤ በሦስቱም አሰልጣኙ ጋርዲዮላ ፊሊፕስን ቋሚ አላደረገም። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስጠንቀቂያ አይገኝም። በቀጣዩ ክረምት ግን ለዚያ ቦታ ሁነኛ ሰው አልተገዛም። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ሮድሪ ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ገና ማግስት ባሉት 13 ጨዋታዎች ሲቲ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ኒኮ ጎንዛሌዝ ከፖርቶ የመጣው በዝውውሩ መዝጊያ ላይ፣ በፌብሩዋሪ ሲሆን፣ ሲቲ በ71 ነጥብ ሦስተኛ ሆነ።

ቅጣት ነጻ የላብራቶሪ ምርመራ ነው እላለሁ። ጉዳት ሲመጣ ለወራት ያስከፍላል፤ የአምስት ቢጫ ካርድ ቅጣት ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ወስዶ ያው እውነት ይነግራችኋል። የቡድናችሁን ቁልፍ ሰዎች ያለፈ ዓመት ቅጣት አውጥታችሁ፣ ያን ቀን ማን ገባ፣ ማን ከቦታው ተነሳ፣ ውጤቱስ ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ መቅረትም አለ፦ የ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከዲሴምበር 21 እስከ ጃንዋሪ 18 በሞሮኮ የሚካሄድ መሆኑ ቀደም ብሎ የታወቀ ጉዳይ ስለነበር፣ ሰላህን ወይም ሌላ አፍሪካዊ ቋሚ የያዘ ክለብ ዲሴምበር ላይ «ሰው ጎደለብን» ቢል የሚሰማው አልነበረም።

ሊቨርፑል 2020/21፦ አንድ ጉዳት፣ ሦስት ቀዳዳ

ይህን ታሪክ ረዘም አድርጌ የማነሳው ከማውቃቸው ሁሉ የበለጠ ስለሚያስተምር ነው።

ሊቨርፑል በ2019/20 በ99 ነጥብ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ዴያን ሎቭረንን ለዜኒት ሸጠ፤ ምትክ አልገዛም። ሦስት የመሀል ተከላካዮች ቀሩ፦ ቫን ዳይክ፣ ጎሜዝና ማቲፕ። በወረቀት ላይ አራተኛው የተከላካይ አማካዩ ፋቢንሆ ነበር፤ ማለትም ስሙ ሁለት ቦታ የተጻፈ ሰው። ኦክቶበር 17 ቀን ቫን ዳይክ በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ ተጎዳ። በኖቬምበር ጎሜዝ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ጋር ልምምድ ላይ ሳለ ጉልበቱን ተጎዳ። በጃንዋሪ መጨረሻ ማቲፕም የውድድር ዘመኑ አበቃ።

አሰልጣኙ ክሎፕ ፋቢንሆን ወደ ኋላ ሳበው። ፋቢንሆ በመሀል ተከላካይነት በደንብ ተጫውቷል፤ ችግሩ እዚያ አልነበረም። ችግሩ እሱ የለቀቀው ቦታ ነው። ኳስ ሲነጠቅ ቀድሞ የሚደርስ፣ የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት ሲወጡ ጀርባቸውን የሚሸፍን ሰው ጠፋ። ቀጥሎ ሄንደርሰንም ወደ ኋላ ተሳበ። ሊቨርፑል በሜዳው በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 1 ሲሸነፍ ሁለቱም የመሀል ተከላካዮቹ አማካዮች ነበሩ። በአንፊልድ ለ68 የሊግ ጨዋታዎች ያልተሸነፈው ቡድን በርንሌይ በሩን ከከፈተበት ጨዋታ ጀምሮ በሜዳው በተከታታይ ስድስት የሊግ ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ በክለቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ ምን ተለወጠ? በማርች ፋቢንሆ ወደ አማካይ ቦታው ተመለሰ። ከኋላው ናት ፊሊፕስ ከተዋሰው ኦዛን ካባክ ጋር፣ በመጨረሻም ከሪስ ዊሊያምስ ጋር ተጣመረ። ዊሊያምስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተጫወተው በእንግሊዝ ስድስተኛ እርከን በኪደርሚንስተር ነው። በችሎታ ከፋቢንሆ ጋር የሚያወዳድራቸው የለም። ሆኖም ሊቨርፑል በመጨረሻዎቹ 10 የሊግ ጨዋታዎች ስምንቱን አሸንፎ በሁለቱ አቻ ወጣ፤ ከ30 ነጥብ 26ቱን ሰብስቦ በ69 ነጥብ ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱ አቻዎች ከሊድስና ከኒውካስል ጋር የተደረጉት ናቸው፤ በሁለቱም ፋቢንሆ እንደገና ወደ መሀል ተከላካይነት ተመልሶ ነበር።

ደካማ ሰው በራሱ ቦታ፣ ጎበዝ ሰው በሰው ቦታ ካስገኘው የተሻለ ውጤት አመጣ። አራቱን አማራጮች ስታወዳድሩ ይህችን ወቅት አስታውሱ።

ማሸጋሸግ፦ ርካሹና ዕዳው የማይታየው

ማሸጋሸግ ሁልጊዜ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። በ2024 ክረምት ሊቨርፑል ማርቲን ዙቢሜንዲን ለተከላካይ አማካይነት ፈልጎ ነበር፤ ተጫዋቹ ሪያል ሶሲዬዳድ ልቆይ አለ። አሰልጣኙ አርነ ስሎት ሌላ ሰው ከማሳደድ ይልቅ ራያን ግራቨንበርችን ወደ ኋላ አወረደው። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ሻምፒዮን፣ ግራቨንበርች የሊጉ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ሆኑ።

ታዲያ ግራቨንበርች ሲሠራ ፋቢንሆ ለምን አልሠራም? ግራቨንበርች ሲነሳ ከኋላው ማክ አሊስተር፣ ሶቦስላይና ከርቲስ ጆንስ ነበሩ፤ የለቀቀው ቦታ ላይ ሰው ተርፏል። ፋቢንሆ ሲነሳ የለቀቀው ባዶ ነበር። የማሸጋሸግ መለኪያው ይኸው ነው፦ የሚሄድበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚለቀውን እዩ። አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ በፌብሩዋሪ 2025 ለአርሰናል አጥቂ ሆኖ ሌስተር ላይ ሁለት ግብ ሲያስቆጥርም ያው ነው፤ በአማካይ ቦታ ራይስ፣ ፓርቴይና ኦዴጋርድ ነበሩ። ግን እሱ አጥቂ የሆነው፣ አጥቂው ጄሱስ በጃንዋሪ 12 ተጎድቶ መስኮቱ ገና ክፍት ሳለ አጥቂ ስላልመጣና ሀቨርትዝ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ስለተጎዳ ነው። ብልሃት እንጂ ዕቅድ አልነበረም።

ማሳደግ

የአካዳሚ ልጅ ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው፦ የምዝገባ ቦታ አይወስድም፣ አጨዋወቱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ኮኖር ብራድሊ 2022/23ን በቦልተን በውሰት አሳልፎ ተመለሰ። አሌክሳንደር አርኖልድ ሲጎዳ ገብቶ ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ቼልሲ 4 ለ 1 ሲሸነፍ አንድ ግብ አስቆጥሮ ሁለት አመቻቸ። በዚያው ዓመት የሊግ ካፕ ፍጻሜ ላይ ሰላህ፣ ጆታ፣ ኑኔዝ፣ ሶቦስላይና አሊሰን ሳይኖሩ፣ ክላርክ፣ ማኮኔልና ዳንስ የተባሉ ልጆች ተቀይረው ገብተው ሊቨርፑል በተጨማሪ ሰዓት ቼልሲን 1 ለ 0 አሸነፈ።

ደጋፊ ይህን አይቶ «አካዳሚያችን ይበቃናል» ሲል እሰማለሁ። አይበቃም። አንድ የፍጻሜ ጨዋታ የሦስተኛው ረድፍ ሥራ ነው። ከእነዚያ ልጆች ሁለተኛው ረድፍ ላይ በእርግጥ የደረሰው ብራድሊ ነው፤ እሱም የደረሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከጎልማሶች ጋር ሌላ ቦታ ተጫውቶ ነው። ማሳደግ የሚመረጠው መስመር ተከላካይን በመሰለ፣ አንድ ስህተት ወዲያው ግብ በማይሆንበት ቦታና ጉድለቱ ከዓመት በፊት በታወቀ ጊዜ ነው።

መዋስ

እዚህ ላይ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ሊቨርፑል በ2022 መስኮቱ ሊዘጋ ሲል አርተር ሜሎን ከጁቬንቱስ ተዋሰ። ብራዚላዊው በዋናው ቡድን በጠቅላላ የተጫወተው 13 ደቂቃ ነው፤ ያውም ኔፕልስ ላይ 4 ለ 1 በተሸነፉበት ምሽት። ካባክ በተቃራኒው ጠቅሟል፤ ምክንያቱም ሲመጣ ቦታው ባዶ ነበር፣ በማግሥቱ ሊሰለፍ ነው የመጣው። ውሰት የሚያዋጣው የተጎዳው ሰው የሚመለስበት ጊዜ ሲታወቅና በውሰት የሚመጣው ጤነኛ ሆኖ ደቂቃ እየተጫወተ ሲመጣ ነው። የሕክምና ታሪኩን አይታችሁ ባለፈው ግማሽ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ ቁጠሩ። ብዙም ካልተሰለፈ፣ የራሱ ክለብ ለምን አላሰለፈውም?

መግዛት፦ መቼና ለማን

መግዛት ከአራቱ ውድ ነው፤ በጊዜው ሲሆን ግን ከአራቱ አስተማማኝ ነው። በ2020 ሰላህ፣ ማኔና ፊርሚኖ ሦስቱም ጤነኞች ሳሉ ሊቨርፑል ነፍሱን ይማርና ዲዮጎ ጆታን ከዎልቭስ ገዛ። ያኔ «ማንን ሊያስቀምጥ ነው?» ተብሎ ነበር። በጃንዋሪ 2022 ሰላህና ማኔ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲሄዱ፣ ሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ አርሰናልን 2 ለ 0 የጣሉትን ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ጆታ ነው። ማንም ከቦታው አልተነሳም።

በሌላ በኩል ቤን ዴቪስ አለ። በ2021 የጃንዋሪው መስኮት ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ከፕሪስተን ተገዛ፤ ለሊቨርፑል አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳያደርግ ሄደ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሉታል እንዲህ ያለውን ግዢ። በዚያው ዓመት ክረምት በእርጋታ የተገዛው ኮናቴ ግን ከአንደኛው ረድፍ ገባ።

ሌላው የግዢ መለኪያ አጨዋወት ነው። አርሰናል በ2022/23 ሊጉን ለ248 ቀናት መርቶ ዋንጫውን ሲያጣ ማንንም ከቦታው አላነሳም። ማርች 16 ቀን ከስፖርቲንግ ጋር ሳሊባና ቶሚያሱ በአንድ ጨዋታ ተጎዱ፤ ቤን ኋይት ቀኝ መስመር ላይ ቀረ፣ ሮብ ሆልዲንግ ለሳሊባ ገባ። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ነገር ግን ሳሊባ ሜዳውን አጥብቦ ወደ ፊት ለሚወጣ ተከላካይ መስመር የሚሆን ፍጥነት ነበረው፤ ሆልዲንግ የለውም። ከሊቨርፑልና ከዌስት ሃም ጋር 2 ለ 0 እየመሩ አቻ ወጡ፣ ከሳውዝሃምፕተን 3 ለ 3፣ ከዚያ ሲቲ 4 ለ 1 አሸነፋቸው። ሆልዲንግ ደካማ ተከላካይ ሆኖ አይደለም፤ ወደ ግቡ ተጠግቶ በሚከላከል ቡድን ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ተጠባባቂ ስትመርጡ «ጥሩ ነው?» ከማለት «ቋሚው የሚሠራውን አንድ ነገር ይሠራል?» በሉ። ያ አንድ ነገር ለሳሊባ ፍጥነት፣ ለሮድሪ ተጭነው ሲመጡበት ኳስን አለማስነጠቅ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ቢበቃስ? ደጋፊ አጥቂ ይላል። እኔ መሀሉን አስቀድማለሁ፦ የተከላካይ አማካይ ወይም የመሀል ተከላካይ። አጥቂ ሲጎድል ግብ ይቀንሳል፤ ቡድኑ ግን ቅርጹን አይለቅም። የተከላካይ አማካይ ሲጎድል ከፊቱም ከኋላውም ያሉት ሥራ ይለውጣሉ። ከዚህ የምለየው የቼልሲን ዓይነት ጉዳይ ነው፤ የመሀል አጥቂው ረድፍ ከላይ እስከ ታች ባዶ ከሆነ የሚከራከሩበት ነገር የለም።

ለእኛ ሊግ

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ሲጫወቱ አይተናል፤ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናግደዋል። ቡድኑ ለሳምንታት ሆቴል ከርሞ በጥቂት ቀናት ልዩነት ሲጫወት ሚዛኑ ትንሽ ይለወጣል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ ሰው ይዞ መጓዝ ወጪ ነው፤ ሁለት ቦታ የሚጫወት ሰው ዋጋው ከፍ ይላል። ውሰት ብዙም ባልተለመደበት፣ ገንዘቡም በሚያጥርበት፣ ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ውስጥ አንድ መስመር ተከላካይና አንድ ግብ ጠባቂ ከዋናው ቡድን ጋር ዓመቱን ሙሉ ማጓዝ ከብዙ ግዢ ይሻላል ባይ ነኝ።

ትልቁ አደጋ ግን ጉዳት ሳይሆን ውል ነው። በብዛት የአንድና የሁለት ዓመት ውል በሚፈረምበት ሊግ ውስጥ በየክረምቱ ግማሽ ቡድን ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ያንን ወረቀት ስትሠሩ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ውሉ የሚያልቅበትን ዓመት ጻፉ። የአንድ ቦታ አንደኛና ሁለተኛ ረድፍ በአንድ ክረምት የሚያልቁ ከሆነ፣ የሁለቱን አንዱን ገና የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ላይ ሳለ አስፈርሙ፤ በተለይ የተከላካይ አማካዩን።